ዝም ያለችው ድራም መቺ

ውድ አንባቢ፣ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ጩኸት ብቻ ነው ብለው የተዉት ቢሆኑ እንኳ፣ አንዲቱን የሮክ ዜማ ሳያውቁት እንዳንጎራጎሩ አልጠራጠርም። ኢጣሊያ በ2006 የዓለም ዋንጫን በወሰደች ጊዜ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ደጋፊዎቿ ያለ ቃል ሲያዜሟት የሰነበቱት፣ ዛሬም በየስታዲየሙ የምትሰማው ባለ ሰባት ድምፅ ዜማ «ሴቭን ኔሽን አርሚ» ትባላለች። በ2003 ያወጧት «ዘ ዋይት ስትራይፕስ» የተባሉት የዲትሮይት ልጆች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ጃክ ዋይት በጊታርና በድምፅ፣ ሜግ ዋይት በድራም። ቤዝ ጊታር ያለባት ቢመስልም የለባትም፤ ጃክ የጊታሩን ድምፅ በእግር በሚረገጥ መሣሪያ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ ነው ያወፈረው።

ስለ ሁለቱ ጥቂት ልበል። የጃክ የትውልድ ስም ጊሊስ ነበር። በ1996 ሜግን ሲያገባ የሚስቱን ስም ወሰደ። በ1997 አብረው መድረክ ላይ ወጡ፤ በ2000 ተፋቱ፤ ሙዚቃውን ግን አልተፋቱም። ለዓለም ወንድምና እኅት ነን ብለው ነበር፤ የጋብቻውና የፍቺው ወረቀት ከወጣ በኋላም ተረቱን ወዲያው አልተዉትም። ልብሳቸው ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ብቻ፣ መሣሪያቸውም ጥቂት ነበር። ማነስን እንደ ሕግ የያዙ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ላነሣልዎ የፈለግሁት በ2007 ያደረጉትን ጉዞና ስለ ጉዞው የተሠራውን ፊልም ነው። በዚያ ዓመት በጁን ወር «ኢኪ ታምፕ» የተባለውን ስድስተኛ አልበማቸውን አወጡ። የአልበሙ መጠሪያ በሆነው ዘፈን ውስጥ፣ ከሜክሲኮ የሚመጣውን ስደተኛ ለሚያባርር ነጭ አሜሪካዊ እርሱም መጤ መሆኑን የሚያስታውስ ስንኝ አለ። በሰው አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ነገር ባዕድ አይደለም።

ዘፋኝ አዲስ አልበም ሲያወጣ ለማሻሻጥ ይዞራል፤ ልማዱም ሕዝብ የበዛባቸውን ትልልቅ ከተሞች መርጦ ማለፍ ነው። እነዚህ ግን ካናዳን ከዳር እስከ ዳር፣ 10ሩንም ክፍለ ሀገርና 3ቱንም የሰሜን ግዛቶች ሳያስቀሩ ሊዞሩ ተነሡ። ማታ በአዳራሽ ይጫወታሉ፤ ቀን ደግሞ በዊኒፔግ የከተማ አውቶቡስ ውስጥ፣ በሳስካቱን የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት ውስጥ ድንገት ብቅ ይላሉ። ዳይሬክተሩ ኤሜት ማሎይ ይህን ተከትሎ «አንደር ግሬት ዋይት ኖርዘርን ላይትስ» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ በ2009ም በቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ።

ፊልሙ የሚወደድ ነው። በሩቅ ሰሜን በኢካሉይት ከተማ፣ ከኢኑይት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ካሪቡ የሚባለውን የአጋዘን ዓይነት ጥሬ ሥጋ ሲቀምሱ እናያለን። ሌላውን ተመልካች የሚያስደነግጠው ይህ ትዕይንት ቁርጥ ወዳዱን ሐበሻ ፈገግ ያሰኘዋል። በሴንት ጆንስ ደግሞ ለተሰበሰበው ሕዝብ አንዲት ድምፅ ብቻ ተጫውተው፣ እነሆ ያልተጫወትንበት የካናዳ ክፍል የለም ብለው ወረዱ። ሙሉው ዝግጅት ለማታ የተያዘ ነበርና ቀልድ ነው፤ ከእነርሱ የማነስ ሕግ ጋር ግን የተስማማ ቀልድ ነው።

ይሁን እንጂ ፊልሙን ሁለት ጊዜ ያየ ሰው አንድ ጉድለት ያስተውላል። የሚናገረው ጃክ ነው። ሥራው እንዳይቀልለት ሆን ብሎ ዕቃውን አርቆ እንደሚያስቀምጥ ይነግረናል፤ ስንሰማው ደስ ይላል። ሜግ ስትናገር ግን ድምፅዋ ከማነሱ የተነሣ ቃሏ ከሥር በጽሑፍ ይወጣል። ተመልካች ይሥቃል፤ እኔም ሥቄአለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ሣቁ ቀረ። ፊልሙ ቃሏን ይጽፋል እንጂ ምን እንደሚሰማት አይጠይቃትም።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሜግን ግን ዝምታዋ ከሐሜት አላዳናትም። ድራም አትችልም፣ የምትመታው እንደ ሕፃን ነው ያሉ ብዙ ናቸው። በ2023 እንኳ ይኸው ክርክር እንደ አዲስ ተነሥቶ ሙዚቀኞች ጥብቅና ቆመውላታል። እኔም ከጠበቆቿ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገርዎ። እነዚህ ሰዎች መድረክ ላይ ሲወጡ የዘፈን ዝርዝር አይዙም ነበር። ጃክ ልቡ ወዳዘዘው ዘፈን ሲዘል፣ መሐል ላይ ሲቆም፣ ድንገት ሲፈጥን፣ ዓይኑን አይታ የምትከተለው እርሷ ናት። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ባለማሲንቆው ከታዳሚው የተቀበለውን ግጥም ወዲያው ሲያዜም፣ ከበሮ መቺዋ አብዝታ ብትደልቅ ግጥሙ ይሰጥማል፤ ሙያዋ መቼ እንደምትተው ማወቋ ላይ ነው። ሜግ በምቶቿ መካከል የምትተወው ባዶ ቦታ ባይኖር፣ የጃክ ጊታር የሚጮኽበት ስፍራ ባላገኘ ነበር።

በፊልሙ መጨረሻ ሁለቱ በአንድ የፒያኖ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጃክ «ዋይት ሙን» የተባለውን ዘፈናቸውን ይጫወታል፤ ሜግ አጠገቡ ሆና ታለቅሳለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ያቅፋታል። ትዕይንቱ ልብ ይነካል፤ ያሳፍራልም፤ የማናውቀውን ሰው እንባ ትኬት ቆርጠን እያየን ነውና።

የካናዳው ጉዞ በጁላይ አጋማሽ አለቀ። ጁላይ 31 ቀን ሚሲሲፒ ውስጥ በሳውዝሄቨን ተጫወቱ፤ ያም የመጨረሻ ኮንሰርታቸው ሆነ። በሴፕቴምበር፣ ሜግ በብርቱ ጭንቀት ስለታመመች የቀረው ጉዞ ተሰረዘ። አልበሙ በ2008 ግራሚ ተሸለመ። በ2011 መለያየታቸውን አስታወቁ። በ2025 ሁለቱ በሮክ ኤንድ ሮል የዝነኞች አዳራሽ ሲመዘገቡ ጃክ ቆሞ ተናገረ፤ ሜግ አልተገኘችም። ያን እንባ ከሕመሙ ጋር ማያያዝ ለተመልካች ቀላል ነው፤ እርሷ ያላለችውን ግን እኛ ባንልላት ይሻላል።

ማሎይን የምወቅሰው እንባዋን ስላሳየ አይደለም። የምወቅሰው ዝምታዋን እንደ ቀዩና እንደ ነጩ ልብስ የቡድኑ ጌጥ አድርጎ ስላቀረበው ነው። ዝምታ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ ሸክምም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሲጠየቅ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ፊልሙን ካገኙት እንዲያዩት እመክራለሁ። ሲያዩት ግን ዓይንዎን ከሚሮጠው ሰው ላይ አንሥተው ከኋላ በተቀመጠችው ላይ ያሳርፉ። በየቤታችንና በየማኅበራችንም ነገሩ ያው ነው፤ ተናጋሪው ይጨበጨብለታል፣ ደግፎ የያዘው ዝምተኛ ግን የሚጠየቀው ከታመመ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ማለት ምንም አያስከፍልም።