ዳኛ፣ ቃዲና አበጋር፤ በይፋት ቆላ ስለ ዳኝነት ቃላት አተረጓጐም

ስለ ሕዝብ ልማድ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ ጠብን የሚያበርድና ክርክርን የሚቆርጥ ሰው ሁሉ «ዳኛ»፣ ወይም «የባህል ዳኛ» እየተባለ ሲመዘገብ ይታያል። ይህ አመዘጋገብ ለጸሐፊው ይቀላል፤ ነገሩን ግን ያደበዝዘዋል። ጉዳቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ነው። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጣርማበር ገደል በታች በደሴ መንገድ ላይ በሚገኘው በዚህ አገር አማራ፣ አርጎባ፣ ኦሮሞና አፋር እንደ ሰንበቴ የእሑድ ገበያ ባሉ ሥፍራዎች ይገናኛሉ። እህልና ከብት በሚገናኝበት ሥፍራ ክርክርም አይጠፋም። ይፋት ከ13ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ የወላስማዎች ሱልጣኔት መቀመጫ ስለ ነበረ የእስልምና ሕግና የንጉሥ ችሎት በጉርብትና የኖሩበት አገር ነው።

በመጀመሪያ «ዳኛ» የሚለው ቃል ራሱ ከ«ፈራጅ» ጋራ አንድ ተደርጎ መታየት የለበትም። «ዳኘ» የሚለው ግሥ ሁለቱን ተከራካሪዎች በአንድነት ይይዛል፤ «ዳኛቸው» ይባላል። «ፈረደ» ግን ይለያል፤ ለአንዱ «ፈረደለት»፣ ለሌላው «ፈረደበት» ያሰኛል። ስለዚህ ዳኝነት በሁለት ሰዎች መካከል መቆም ሲሆን፣ ፍርድ የዚያ ሥራ መጨረሻ ነው። በቀድሞ ዘመን ተጣዪዎች መንገደኛውን አስቁመው «ዳኘን» ማለታቸው፣ መንገደኛው ሹመት ሳይኖረው በፈቃዳቸው ዳኛ ይሆን እንደ ነበረ ያሳያል። ዛሬም በክስ ማመልከቻ ላይ «የሚጠየቀው ዳኝነት» ተብሎ ሲጻፍ ቃሉ ከሳሹ የሚለምነውን መፍትሔ እንጂ የተሿሚውን ማዕርግ አያመለክትም።

ግዕዝም ቢሆን ሁሉን በአንድ ስም አይጠራም። «ፈታሒ» የታሰረውን ነገር የሚፈታ ነው፤ «መስፍን» ግን ገዥነትንና ዳኝነትን አጣምሮ ይይዛል። ስለዚህም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የእስራኤል ዳኞች ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ «መሳፍንት» ተባለ።

መንግሥት «ዳኛ» የሚለውን ስም የሹመት ስም ሲያደርገው የቀድሞው ትርጉም ፈጽሞ አልጠፋም። በ1939 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 90 የተቋቋመው አጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር እንዲያይና እስከ 15 ብር እንዲቀጣ ሥልጣን ሲሰጠው፣ ባለጉዳዮችን ማስታረቅም ከሥራው ተቈጥሮ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ «የዘመድ ዳኛ» ያለው፣ የ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ «የግልግል ዳኝነት» ያለው፣ ተከራካሪዎች ራሳቸው የመረጡትን ዳኛ ነው።

«ቃዲ» ግን ሌላ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሆኖ ጉዳይን መወሰንንና መፈጸምን ያሳያል፤ የቃዲው ሥልጣንም ከሸሪዓ ዕውቀቱ ይነሣል። መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ስለ ቃዲዎችና ናኢባዎች ባወጣው አዋጅ ይህን ችሎት አጸናው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ የሚዳኘው በተከራካሪዎች ፈቃድ መሆኑን ይደነግጋል። ስለ ፍቺ ወይም ስለ ውርስ የምትከራከር ሴት ቃዲው ፊት ለመቅረብ አልፈቅድም የማለት መብት አላት። «ዳኛ ዘንድ ቀረበች» ብሎ ብቻ የሚጽፍ አጥኚ ይህን መብቷን ከአንባቢ ይሰውርባታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን «አበጋር»ን ዳኛ ማለት ነው። የአበጋር ሥራ እርቅ ነው፤ ኃይሉም በዘሩ፣ በዱዓውና በምርቃቱ ይታመናል። የኦሮሞው «ጃርሳ ቢያ» የአገር ሽማግሌ ነው፤ «አባ ሙርቲ» ግን ውሳኔ ሰጪ ነው። አፋሮች ደግሞ በ«መብሎ» ጉባኤ ተቀምጠው በ«መድዓ» ሕጋቸው ይነጋገራሉ። የሰው ነፍስ በጠፋ ጊዜ ልዩነቱ ይገለጣል፤ የፍርድ ቤቱ ፍርድ ደም አያደርቅም፣ የአስታራቂውም እርቅ የመንግሥትን ክስ አያስቀርም። ገዳዩ እስራቱን ጨርሶ ቢመለስም እርቅ ካልወረደ የሟች ወገን ሊጠባበቀው ይችላል። እርቁን «ፍርድ» ብሎ የመዘገበ ጸሐፊ ይህ ሁለተኛ ዕዳ ለምን እንደ ቀረ ሊያስረዳ አይችልም።

ይሁን እንጂ ዳኛን የግድ፣ ሽማግሌን የፈቃድ ብቻ አድርጎ መክፈልም ስሕተት ነው። እርግማንን የሚፈራ፣ ከዕድርና ከገበያ መገለልን የሚሠጋ ሰው «ታረቅሁ» ቢል ፈቃዱ ምን ያህል ነፃ እንደ ነበረ መመርመር ይገባል።

ስለዚህ አጥኚው ተናጋሪው የተናገረውን ቃል እንዳለ መጻፍ፣ ከዚያም ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ይህ ሰው ሥልጣኑን ከማን አገኘ? ባለጉዳዩ እንቢ ማለት ይችል ነበርን? ቃሉስ የሚጸናው በምን ነው፤ በወታደር፣ በመጽሐፍ፣ ወይስ በምርቃት? እነዚህ ሳይመለሱ «ዳኛ» ብሎ ማለፍ፣ ሰዎቹ ራሳቸው የለዩትን በጸሐፊው ብዕር መልሶ መደባለቅ ነው።