ፊቱ ያልተሳለው ነፍሰ ገዳይ

ጀማሪ አኒሜተር የሚያስፈራ ነገር ሥራ ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ጭራቅ ነው። ጥርሱን ያሾልለታል፣ ጥፍሩን ያረዝምለታል፣ ከዚያ ፋታ ሳይሰጥ ያንቀሳቅሰዋል። እንዲህ ላለው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣውን «ዘ ቴል-ቴል ኸርት» (አሳባቂው ልብ) አሳየዋለሁ። ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ጭራቅ የለበትም።

ታሪኩ የኤድጋር አለን ፖ ነው፤ ፊልሙን የሠራው ዩ.ፒ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ። አንድ ሰው አብሮት የሚኖረውን ሽማግሌ ዓይን አይወድም። ሽማግሌው አልበደለውም፤ ዓይኑ ላይ ግርዶሽ አለ፣ በቃ። ለዚያ ሲል ይገድለዋል፤ ሬሳውን ከወለሉ ሥር ይደብቃል፤ ኋላ ግን የሟቹ ልብ ሲመታ እየሰማ ራሱ ይለፈልፋል። ተራኪው ጄምስ ሜሰን በለሰለሰ ድምፅ እብድ አለመሆኑን ሊያሳምነን ይደክማል። ስለማይጮህ ነው የሚያስፈራው።

ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ይፈጃል። በሙሉ አኒሜሽን ቢያንስ ለየሁለቱ ፍሬም አዲስ ሥዕል ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሰከንድ 12 ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ቴድ ፓርሜሊ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። ፖል ጁሊያን የሣላቸው የተጣመሙ ግድግዳዎችና ረጃጅም ጥላዎች አብዛኛውን ጊዜ ከነበሩበት አይነቃነቁም፤ ካሜራው ነው ቀስ ብሎ የሚድህባቸው፤ ከዚያ አንዱ ሥዕል ቀስ በቀስ በሌላው ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ጥቂቷ እንቅስቃሴ ስትመጣ ተመልካቹ ይደነግጣል። ይኸው ቁጠባ በኋላ ለርካሽ የቴሌቪዥን ካርቱን ማምለጫ ሆኗል፤ እዚህ ግን የታሰበበት ነው። ሙዚቃው አልፎ አልፎ ይበዛብኛል፤ ሥዕሉ ብቻውን ይበቃ ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። በዚህ ልማድ ላደገ ሠዓሊ ፊልሙ ነገሩን ይገለብጥበታል። ዓይኑ እንደ ክፉ የሚታየው ሽማግሌ ንጹሕ ነው። የገዳዩን ፊት ደግሞ አናየውም፤ ካሜራው የእርሱ ዓይን ስለሆነ የሽማግሌውን ክፍል በእርሱ ዓይን እናያለን። ለእኔ የፊልሙ ትልቁ ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ ያልተሣለው ሰው ከተሣሉት ሁሉ ይበልጥ ይከብዳል። በሰፊው ዳራና በጥላው አሣሣል የሚደነቁ ብዙ ናቸው፤ እኔ የምቀናው ግን ፊቱን ላለመሣል በቆረጠው ሰው ነው።

በብሪታንያ ለአዋቂዎች ብቻ የሚል የ«ኤክስ» ምልክት የተለጠፈበት የመጀመሪያው ካርቱን ይህ ነው። ለኦስካር ታጭቶ በዲዝኒ ፊልም ተሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ግን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ሥዕል የምትሠሩ ሁሉ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ ካሜራው እያንዳንዱ ሥዕል ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይም ቁጠሩ።