የሰሎሞን ደሬሳ ግጥምና የወለጋ ተማሪ

ግጥም በክፍል ውስጥ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መስፈርቶች ይመዘናል፤ ቤት መምታቱና ምክር መለገሱ። በዚህ ሚዛን ሲታይ የሰሎሞን ደሬሳ ሥራ ከመማሪያ መጻሕፍት ቢርቅ አያስደንቅም። ሊጤን የሚገባው ግን ጉድለቱ የግጥሙ ነው ወይስ የሚዛኑ የሚለው ጥያቄ ነው።

ሰሎሞን እ.ኤ.አ. በ1937 በወለጋ፣ ጩታ በተባለች መንደር ተወለደ። በአዲስ አበባ ተምሮ፣ በውጭ አገር ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ በጋዜጠኝነት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከገዳሙ አብርሃ ጋር በአዲስ ሪፖርተር መጽሔት የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ የሚሄስ ጽሑፍ አሳተመ። በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ «ዘበት እልፊቱ» የተሰኙ መድብሎቹ ለንባብ በቁ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ አረፈ።

የመጀመሪያው መድብል ርእስ ራሱ ለአንባቢው መግቢያ በር ነው። ከትውልድ መንደሩ የራቀ ሰው ልጅነትን ሲያነሣ፣ ያ የልጅነት ዓለም ለጌጥ የተሣለ መልክዓ ምድር አይሆንም፤ የጠፋ ነገር መፈለጊያ እንጂ። ገጣሚው በ12 ቀለማት፣ ስድስት በስድስት ተከፍሎ በሚሄደው የወል ቤት አልታሰረም። በዚህም ምክንያት አንባቢው የቤቱን ምት ተከትሎ መንጎድ አይችልም፤ በየስንኙ ቆም ብሎ ማየት ይገደዳል።

ይህ አካሄድ ያለ ዋጋ አልተገኘም። አንዳንዱ ምስል በገጣሚው የግል ትዝታ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ አስተማሪውም ቁልፉን ሲያጣ ግጥሙን ማለፍን ይመርጣል። ስለሆነም መድብሉን እንዳለ ወደ ክፍል ማስገባት አይመከርም። አጫጭርና ምስላቸው የጠራ ግጥሞችን መርጦ ማቅረብ ግን ይቻላል።

የወለጋን ተማሪ በተመለከተ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጁ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአፋን ኦሮሞ ይማራል፤ አማርኛ የሚገጥመው እንደ ሌላ ቋንቋ ነው። የግጥም ትምህርት ምክርን በቃል መያዝ ብቻ ከሆነ፣ አማርኛ ለእርሱ የሌላ ሰው ምክር ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ የጊምቢ ልጅ ቡና ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ በነጭ አበባ ሲሸፈን አይቷል፤ ሽታውንም ያውቃል። ይህን እውቀት ያገኘው በእናቱ ቋንቋ ነው። በምስል የሚናገር ግጥም ሲቀርብለት ግን ያንኑ እውቀት ይዞ ወደ አማርኛው ሊገባ ይችላል። በእርሱው ምድር የተወለደ ሰው በዚህ ቋንቋ መግጠሙም ለልጁ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ መታረም ያለበት በቅድሚያ ጥያቄው ነው። «የግጥሙ መልእክት ምንድን ነው?» ከማለት በፊት «ገጣሚው ምን አየ? አንተስ እንዲህ ያለ ምን አይተሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ተማሪው ከደብተሩ ሳይሆን ከሕይወቱ ይመልሳል። የፈተና አዘጋጆች ይህን ጥያቄ እስካልተቀበሉት ድረስ ግን አስተማሪው ብቻውን ሊያስለምደው አይችልም።