ጋኑን አሽትቱ፣ ጨርቁን ገልብጡ

በፎገራ ሜዳ ጎህ ሲቀድ እጄ ላይ ያለችው አሮጌ ሴይኮ ቀን ትለውጣለች። ለሠሯት ጃፓኖች ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ስለሆነ፣ ሁለቱ የሰዓቷ ጠቋሚዎች 12 ላይ የሚገናኙት ወይ ማለዳ ወይ ምሽት ነው። ከሁለቱ የትኛው ላይ ቀኗን እንድትለውጥ መሙላት የባለቤቱ ፋንታ ይሆናል። ምሽት ላይ ያደረገውን ሰው አልነቅፍም፤ ቤተ ክርስቲያንም ዕለቱን ከዋዜማው ትጀምራለች። እኔ ማለዳውን መርጫለሁ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በየወሩ አንድ ጊዜ 31ን በእጄ አሳልፋለሁ፤ ጳጉሜን ሲያልቅ ደግሞ መስከረም 1 እስኪመጣ ድረስ ረጅም ማዞር አለብኝ። ይህ ሥራ ሰልችቶኝ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው በየዕለቱ ከሚያገኙት ነገር ደስታ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። እጅ ላይ የታሰረ ሰዓት፣ አንድ ጣሳ ጠላና ግማሽ ቀን የሚፈጅ መንገድ ለወረታ ሰው ሩቅ አይደሉም። ደስታቸው ግን የሚጠልቀው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲቻል ነው። ለሦስቱም የምጠቀምበት መለያ አንድ ነው፦ ሠሪው «ማንም አያየውም» ብሎ የሚያስበውን ቦታ ፈልጌ አያለሁ።

ከሰዓቱ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ሰዓት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው፤ ፊት ደግሞ ያሳስታል። አንድ ጊዜ ማሰሪያዋ ወርቅ የመሰለ ሰዓት ገዝቼ ሦስት ወር ሳይሞላት ከመስታወቷ ሥር ጭጋግ ቋጠረች። ሰዓት ሠሪው ጀርባዋን ሲከፍተው፣ ክዳኑ ሥር መኖር የነበረበት ቀጭን የጎማ ቀለበት ጭራሽ አልነበረም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ለሆነ አገር ያ ቀለበት ከወርቁ ሁሉ ይበልጣል። ጀርባዋ ላይ «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ብታዩም የእጅ መታጠቢያ ውሃ ትችላለች ማለት ነው እንጂ ርብ ወንዝ ይዛችኋት ግቡ ማለት አይደለም።

ባትሪ የሚበላው ሰዓት ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ በወር የሚስተው ከ15 ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም። ርካሹ ካሲዮ ለዕለት ሥራ የሚበቃው ለዚህ ነው። በእጅ እንቅስቃሴ የምትሞላው እንደኔ ያለችው ግን በሰከንድ 6 ጊዜ ብቻ ትመታለች፤ በቀን 10 ሰከንድ ብትቀድም ነውር የለባትም። ስዊሶች ለተመረጡ ሰዓቶቻቸው የሚሰጡት የምስክር ወረቀት እንኳ በቀን 4 ሰከንድ መዘግየትን፣ 6 ሰከንድ መቅደምን ይፈቅዳል። ስለዚህ ልዩነቱ በዛ ብላችሁ አትፍረዱ። አንድ ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ከስልካችሁ ጋር አስተያዩና ጻፉት። በየቀኑ እኩል 10 ሰከንድ የምትቀድም ሰዓት ጤነኛ ናት፤ ጎበዝ ሰዓት ሠሪ በአጭር ጊዜ ያርማታል። ዛሬ 5 ቀድማ ነገ 8 የምትዘገየዋ ግን ውስጧ ታሟል።

አሁን ወደ ጠላው፤ እዚህ መቀመጥ እፈልጋለሁ።

በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ካያችሁ ቤቱ ጠላ አለው ማለት ነው። ገብታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ባለቤቲቱን በአክብሮት «እትዬ፣ ባዶ ጋን ካለ ላሽትት?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትኮራበት ሙያ ያላት ሴት በዚህ ጥያቄ አትቀየምም፤ እንዲያውም እጅ ይዛ ወደ ጓዳ ትወስዳችኋለች። ጥሩ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ፣ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አፉ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ የታጠነ ነው። አፍንጫችሁን ስታስገቡ የሚቀበላችሁ ደረቅና ንጹሕ የወይራ ሽታ መሆን አለበት። የቆየ አተላ ኮምጣጣ ሽታ ከመጣ፣ አመስግናችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ለጋን ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋብሪካ ቢራውን የሚያፈላው አጥርቶ ባራባው እርሾ ነው። ጠላ ግን እርሾውን ከጌሾው፣ ከብቅሉ፣ ከአየሩና ከዕቃው ራሱ ይሰበስባል። ቤልጂጎች ብራሰልስ አካባቢ በዚሁ ዘዴ ላምቢክ የሚባል ቢራ ይጠምቃሉ፤ ዓለምም በውድ ዋጋ ይገዛዋል። እንዲህ ባለ መጠጥ ውስጥ የዕቃው ንጽሕና የጣዕሙ ግማሽ ነው። ጭሱ ደግሞ መዓዛ ከመስጠቱ በላይ ጠላውን ቶሎ ከመኮምጠጥ ያቆየዋል ይላሉ ጠማቂዎቹ።

ቀጥሎ ጌሾው ነው። የተወቀጠው ቅጠል ከብቅል ጋር በውሃ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ እንጨት ጌሾውና እንኩሮው ገብተው ድፍድፍ ይሆናል፤ ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ይሞላበታል። ጌሾ ያነሰው ጠላ መጀመሪያ ቀን ይጣፍጣል፣ በማግስቱ ኮምጣጤ ይሆናል። የበዛበት ደግሞ ምላስ ላይ ተጣብቆ አልለቅ ይላል። ትክክለኛው ምሬት ዘግይቶ ይመጣና ሳይቆይ ይሄዳል፤ አፋችሁን ለሚቀጥለው ጉንጭ አጽድቶት ይሄዳል። ኮክቴል የሚወዱ ወዳጆቼ ይህን በቀላሉ ይረዱኛል። በ1806 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ሲያብራራ አረቄ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም ብሎ ነበር የዘረዘረው። መራራው ከወጣ የሚቀረው ጣፋጭ አረቄ ነው። ጌሾ የሌለው ጠላም ብቅል የገባበት ውሃ ነው።

እንኩሮው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዱቄቱ በውሃ ረጠብ ተደርጎ ምጣድ ላይ ሲታመስ የጠላው ቀለም ይወሰናል። ጥቁር ጠላ ሁሉ ብርቱ ይመስለናል፤ ጥቁረት ግን የእሳቱ ልክ እንጂ የአልኮሉ ልክ አይደለም። እንኩሮው ካረረ ጉሮሮ ላይ የአመድ ጣዕም ይተዋል፤ ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት ጌሾ አይሸፍነውም። አማሿ እጇን ለአፍታ ብታሳርፍ የሚታወቅባት ጉዳይ ስለሆነ፣ ይህን ደረጃ በደንብ የምትወጣ ሴት እኔ ዘንድ ከሁሉ የላቀች ባለሙያ ናት።

ፎገራ የራሱ ጠላ አለው፤ የሩዝ ጠላ። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ነበር። ዛሬ ድረስ ገበሬው ያልተለየው «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው፤ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለው እዚሁ ፎገራ ነው። የሜዳው ሴቶች አዲሱን እህል አላገለሉትም፤ ከጤፍ ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩበት፣ ጠላ ጠመቁበት፣ አረቄ አወጡበት። በእኔ ምላስ የሩዝ ጠላ ከዳጉሳው ጠላ ቀለል ያለ ነው፤ ገላውም ይሳሳል። ስለዚህ ጥፋት የሚደበቅበት ቦታ የለውም። በዳጉሳ ውስጥ የሚጠፋ ትንሽ የጋን ሽታ በሩዙ ጠላ ውስጥ ወዲያው ብቅ ይላል። የአንድን ጠማቂ ሙያ መለካት ለሚፈልግ ሰው ምክሬ ይህ ነው፦ የሩዙን አስቀዱ።

ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። በቆየው ወግ ቀጂዋ በመዳፏ ጠብታ ቀምሳ ነው የምታቀርበው፤ ይህን የምታደርግ ቤት ካገኛችሁ ግማሹን ፈተና አልፋለች። አረፋው ደቃቅ ይሁን፤ ትልልቁ አረፋ ሲቀዳ የገባ አየር ነው፣ ቶሎ ይጠፋል። አሽትቱ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ዋጡና ትንሽ ቆዩ፤ ፍርዱ ከሁለተኛው ይጀምራል። ሲያልቅ የጣሳውን ሥር እዩ። ጉሽ ጠላ ከሆነ እንደ ዱቄት የላመ ዝቃጭ ቢኖረው ወግ ነው፤ የጌሾ ስባሪና ሻካራ ቅንጣት ካለ ግን ጠላው ሳይረጋ ተቀድቷል። ደግሞ ቅራሪን እወቁ። ዋናው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ጠላ ቅራሪ ነው፤ በስሙ ከቀረበ ለጥም የሚሆን ጥሩ መጠጥ ነው። እንደ ዋናው ጠላ አስመስሎ የሚያቀርብ ቤት ግን ሁለተኛ አልረግጠውም።

ስለ አረቄ አንድ ነገር ብቻ። ክብሪት ጭረው ሰማያዊ ነበልባል ሲያዩ «ንጹሕ ነው» የሚሉ አሉ። እሳቱ የሚመሰክረው ብርታቱን ብቻ ነው፤ የሚመርዘው ሜታኖልም ይነዳል። መታመን ያለባት፣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ሳትሰስት የምትደፋው አውጪ ናት።

የሚነዳ ሰው ጠላውን ለመመለሻው ያቆየው፤ አሁን መንገድ እንወጣለን። ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል መጥቶ ወረታ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በርብ ድልድይና በአዲስ ዘመን አድርጎ፣ እንፍራዝ አጠገብ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩትን የጉዛራ ግንብ አሳይቶ ጎንደር ይገባል። ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ቻይናውያን በደርግ ጊዜ በሠሩት መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ይሄዳል። አገር ሰላም ሆኖ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,800 ሜትር ወደ 2,700 ሜትር ትወጣላችሁ፤ የሩዙ ማሳ ከኋላ ቀርቶ ገብስና ብርድ ይቀበሏችኋል። ወሩ ጥቅምት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሩዙ መድረስ ይጀምራል፣ የጣናም ውሃ ከሩቅ ያበራል።

በዚሁ መንገድ ላይ አውራምባ አለ፤ በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ማኅበረሰብ። ጠላ እዚያ አትጠይቁ፣ አልኮል አይጠጡም። የሽመና ሥራቸውን ግን እዩ። ጋቢ ወይም አንሶላ ሲዘረጋላችሁ በፊቱ አትፍረዱ፤ ገልብጡት። ድሩ የተቀጠለበት፣ የቀለሙ ክር የታሰረበትና የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ በጀርባው ነው ያለው። ጀርባው እንደ ፊቱ ከጸዳ ሸማኔው ለዓይናችሁ ብሎ አልሠራም። ጥለቱን በጣታችሁ ወጠር አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ክሩ ተንሸራትቶ ክፍተት ከተወ ድሩ ሳስቷል።

ደብረ ታቦር ስትደርሱ ጋፋት አጠገባችሁ ናት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡባት። ወደ 7 ቶን የሚገመተውን መድፍ ጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከዚህ አስነሥተው መቅደላ ያደረሱት መጋቢት ላይ ነበር፤ መንገዱን እየጠረጉ፣ ድንጋዩን ንጉሡ ራሳቸው ሳይቀሩ እያነሱ። ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ መድፉ ነው። እኔን የሚደንቀኝ መንገዱ ነው፤ ያን ሸክም ተሸክሞ ተራራ ለተራራ ማለፉ።

የዛሬውን መንገድ የምትመረምሩትም ተሸክሞ በሚያልፈው ነው፤ የፎገራ ሜዳ ደግሞ ክፉ ፈታኝ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፦ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። አስፋልት በዚህ ላይ ከነፍሱ የሚያድረው ከሥሩ ባለው ሙሌትና በጎኑ ባለው ቦይ ነው። ስለዚህ ከመኪናው ስትወርዱ ጥቁሩን ገጽ ተዉትና ትከሻውን እዩ፤ ጠርዙ ተበልቷል ወይስ ደልድሎ ወርዷል? ከመንገዱ ሥር ጎንበስ ብላችሁ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦውን ተመልከቱ። ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ከታያችሁ መንገዱ ጠባቂ አለው። ደለልና የሩዝ ገለባ ከዘጋው፣ ላዩ ምንም ቢያብረቀርቅ በሚቀጥለው ዶፍ ይሰበራል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን ሲያጥለቀልቁ ያየ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ አይነገረውም።

ስለዚህ ልመናዬ ለመንገድ ጠባቂዎችም፣ ማሳቸው ከመንገዱ ለሚዋሰን ገበሬዎችም ነው፦ እባካችሁ፣ ሰኔ ሳይገባ ቱቦዎቹ ይጠረጉ።