ውሃውን ይዞ የሚመጣ እንግዳ

ዩካታንን በእግሬ አልረገጥኳትም። የማውቃት በመጽሐፍና በፊልም ነው። አንባቢ ይህን ከወዲሁ ይወቅልኝ፤ በዚህ ጽሑፍ የምተቸው አገሪቱን ሳይሆን ስለ አገሪቱ የሚተረክበትን መንገድ ነው።

ባለፈው ክረምት ሁለት ዓይነት ተራኪዎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሰነበትኩ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1843 የታተመው የአሜሪካዊው ጆን ሎይድ ስቲቨንስ ባለ ሁለት ቅጽ የዩካታን የጉዞ መጽሐፍ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሥዕሎቹ የእንግሊዛዊው የፍሬደሪክ ካተርዉድ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ የዘመናችን የካራቫን ተጓዦች ናቸው፤ አልጋቸውን፣ ማድ ቤታቸውንና መታጠቢያቸውን በጎማ ላይ አድርገው፣ እንደ ጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ተከታትለው ከሰሜን አሜሪካ ወደ ሜክሲኮ የሚወርዱና ያዩትን በፊልም የሚያስቀሩ።

የእነዚህን ፊልሞች ሦስቱን ያየ ሠላሳውን እንዳየ ይቁጠረው። ጠዋት ፍርስራሽ፣ ከሰዓት ዋና። ጠዋት ቺቼን ኢትዛ ይገባሉ፤ በኩኩልካን ፒራሚድ ፊት ፎቶግራፍ ይነሳሉ፤ ከ2006 ወዲህ ላዩ ላይ መውጣት ስለተከለከለ ከሥሩ ሆነው ነው። ስለ "ጠፋው ሕዝብ ምስጢር" ጥቂት ይባላል። ሙቀቱ ሲያይል ወደ መኪና! ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድተው ኢክ ኪል ወደተባለው ሴኖቴ ይሄዳሉ። ሴኖቴ የሚባለው ጣሪያው ተደርምሶ ከሥሩ የተኛው ጥርት ያለ ውሃ ለፀሐይ የተገለጠ ዋሻ ነው። ሐረግ ይንጠለጠልበታል፤ ብርሃን ከላይ ይወርድበታል። ዘለው ይገባሉ፤ ፊልሙም ያልቃል።

ውበት የላቸውም አልልም። ያንን ውሃ ሳይ እኔም ቀንቻለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እነዚህ ተራኪዎች አንዱን ነገር ለሁለት ይከፍሉታል፤ ፍርስራሹን ለትምህርት፣ ውሃውን ለመዝናኛ ይመድቡታል።

ነገሩ ግን አንድ ነው። የሰሜን ዩካታን መሬት የኖራ ድንጋይ ነው፤ በላዩ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ዝናቡ እንደወረደ ወደ ታች ይሰርግና በዋሻ ውስጥ ይጓዛል። ስለዚህ ማያዎች ከተማ ሲቆረቁሩ በመጀመሪያ ያዩት ውሃውን ነው። "ቺቼን ኢትዛ" የሚለው ስም ራሱ "በኢትዛዎች ጉድጓድ አፍ" ማለት ነው። ሴኖቴ በማይገኝበት በኡሽማልና በካባህ ደግሞ ቹልቱን የሚባል ማጠራቀሚያ ከመሬት ሥር እየፈለፈሉ የዝናብ ውሃ ያቆሩ ነበር። በካባህ አንድ ሕንጻ አለ፤ ግንቡ በመቶ በሚቆጠሩ አፍንጫቸው በረዘመ ፊቶች ተሸፍኗል። ብዙ ተመራማሪዎች ፊቱ የዝናቡ አምላክ የቻክ ነው ይላሉ። ካሜራው ይህን "ጌጥ" ብሎ ያልፈዋል። ለመሆኑ ወንዝ የሌለው ሕዝብ ያንኑ አንድ ፊት ያን ያህል ጊዜ የቀረጸው ለጌጥ ብቻ ነው?

ስቲቨንስ ይህን አላለፈውም። ምክንያቱ ሊቅነቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ጥማቱም ነው። የሚሄደው በፈረስና በእግር ነበር፤ ንዳድም ጥሎታል። ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ሳይጠይቅ ማደር አይችልም። ለዚህም ነው ከቤተ መንግሥቶቹ እኩል ጉድጓዶችን ሲመረምር የምናገኘው። ስሟ "ዘጠኝ ጉድጓድ" ማለት በሆነው በቦሎንቼን፣ ጉድጓዶቹ ሲነጥፉ ሕዝቡ የሚቀዳው ከጥልቅ ዋሻ ነበር። ስቲቨንስ በችቦ ብርሃን ወረደ። ካተርዉድ በ1844 ባሳተመው የሥዕል አልበም ያንን ዋሻ እናየዋለን፤ ከግንድ የታሰረ ግዙፍ መሰላል፣ በላዩም የውሃ ዕቃ ተሸክመው እንደ ጉንዳን የሚርመሰመሱ ሰዎች። ለእኔ ከፒራሚዶቹ ሥዕሎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ሌሎች ሕንጻዎቹን ለግብፃውያንና ለሌላ የባሕር ማዶ ሕዝብ ሲሰጡ፣ ስቲቨንስ የሠሯቸው እዚያው የሚኖሩት ሰዎች አባቶች ናቸው ብሎ ተከራክሯል። በመሰላሉ ላይ ያሉት፣ እንግዲህ፣ የግንበኞቹ ልጆች ናቸው።

ሆኖም ስቲቨንስን መልአክ አላደርገውም። ከኡሽማልና ከካባህ የተቀረጹ የእንጨት ጉበኖችን ነቅሎ ኒው ዮርክ አደረሰ፤ በ1842 በተነሳ ቃጠሎም አመድ ሆኑ። የዛሬው ካራቫን ቢያንስ ጉበን አይነቅልም።

የካራቫንን ጉዞ በዓለም ካስፋፉት ዋነኛው ዋሊ ባያም ነው፤ ኤርስትሪም የተባለውን ብርማ ተጎታች ቤት የሚሠራው ኩባንያ መሥራች። ከ1959 እስከ 1960 ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ የመራው ሲራራ በእኛም አገር አልፏል። የሐሳቡ ፍሬ፣ ሰው ቤቱን ይዞ ከሄደ ከሆቴልና ከቀጠሮ ነፃ ሆኖ የአገሩን ሕዝብ ይገናኛል የሚል ነው። መልካም ሐሳብ ነው፤ አንድ ነገር ግን ዘነጋ። በእኛ አገር መንገደኛ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል "ውሃ አጠጡኝ" የሚለው ነው። ወግ የሚጀመረው ከዚያ ነው፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ይከተላል። ውሃውን በታንከር ይዞ የሚመጣ እንግዳ ውሃ አይለምንም። ያልለመነም አያወጋም።

ጉዳዩ የወግ ብቻ ቢሆን ብዕር ባላነሳሁ። ዋናተኛው የሚገባበት ውሃ ለብቻው የተቋጠረ ገንዳ አይደለም፤ ከዋሻ ወደ ዋሻ የሚሻገር፣ የአካባቢው ሰው የሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅጥቅ ስለሆነ እንደ አፈር አያጣራም። ከላይ የተደፋ ፍሳሽ ከታች ይደርሳል፤ ለፀሐይ ተብሎ ገላ ላይ የተቀባውም ቅባት እንዲሁ። በ2023 መጨረሻ ሥራ የጀመረው የማያ ባቡር ሲገነባ፣ ምሰሶዎቹ ዋሻዎቹን ሰንጥቀው መተከላቸው ብርቱ ተቃውሞ ያስነሳው በዚሁ የተነሳ ነው። የማያን ቋንቋ በዚያ ልሳነ ምድር ዛሬም ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ይናገሩታል። ፊልሙ "የጠፋው ሕዝብ" ሲል ትኬት የቆረጠው ሰው አጠገቡ ቆሟል።

ስለዚህ ምረጥ ብባል ከ180 ዓመት በላይ ያስቆጠረውን መጽሐፍ እመርጣለሁ። ካራቫኖቹ ታንከራቸውን ደፍተው ይሂዱ ማለቴ አይደለም። ከመዝለላቸው በፊት ግን ያንን ትኬት ቆራጭ "እናንተ የምትጠጡት ከየት ነው?" ብለው አንድ ጊዜ ይጠይቁት። ጣቱን ወደሚዋኙበት ውሃ ከቀሰረ፣ ጠዋት ያዩት ከተማ ለምን እዚያ እንደተሠራ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።