«ባዶ ነው» የተባለው ታንክ

«መኪናህ ቤንዚን እያፈሰሰ ነው? ሳሙና አምጣ!» የነዳጅ ታንክን ቤት ውስጥ ስለመጠገን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራሉ። አንድ እጅ ከመኪናው ሥር ይገባል፣ ሳሙናው ይታሻል፣ ጠብታው ይቆማል፣ አለቀ። ሁለተኛው ዓይነት ረዘም ይላል፦ ታንኩ ይወርዳል፣ ይገለበጣል፣ በውሃ ይለቀለቃል፣ «አሁን ባዶ ነው» ይባልና ብየዳው ይጀመራል። የሚገርመው ነገር፣ ብዙ ሰው የሚስቅበት የሳሙናው ምክር ጥሩ ሳይንስ አለው። የባለሙያ ሥራ የሚመስለው ሁለተኛው ግን ሰው ሊገድል ይችላል።

ሳሙናው ለምን ይሠራል? አንደኛ፣ የሚቋቋመው ግፊት ትንሽ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቤንዚን ከታች ባለ ቀዳዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 1.8 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ይህ በባሕር ወለል ላይ ካለው የአየር ግፊት 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ፣ ሳሙና የቅባት አሲድ ጨው ነው። ቤንዚን ቅባትን ያሟሟል እንጂ እንዲህ ያለውን ጨው አያሟሟም፤ ስለዚህ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ሳሙና ባለበት ይቆያል። ውሃ ሲያገኘው ግን ያው ሳሙና ነው። ክረምት ላይ አንድ ኩሬ አቋርጣችሁ ስትወጡ ጥገናችሁ ታጥቦ ሄደ ማለት ነው። ቪዲዮዎቹን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ «ጋራዥ እስክትደርስ» የምትለውን ሐረግ ይዘሏታል።

ሌላው የሚዘሉት ምርመራውን ነው። ጠብታ የሚወድቀው ከቀዳዳው ሳይሆን ፈሳሹ ሄዶ ከሚያገኘው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ከላይ የወጣ ቤንዚን የታንኩን መጋጠሚያ ይዞ አንድ ክንድ ያህል ተጉዞ ሊንጠባጠብ ይችላል። ከቦታው ይልቅ ሰዓቱ ብዙ ይነግረናል። ታንኩ ጢም ብሎ ሲሞላ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ፣ ተጠርጣሪው ነዳጅ የሚቀዳበት አንገት ወይም ከላይ ያለው የፓምፑ ክዳን ላስቲክ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ታንኩን ተዉትና ቱቦዎቹን ተመልከቱ። በብዙ ዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ከፓምፑ በኋላ ያለው መስመር ወደ 300 ኪሎ ፓስካል ግፊት ይሸከማል፤ ከታንኩ ወለል ከ150 ጊዜ በላይ ማለት ነው። እዚያ ላይ ሳሙና ማሸት ቀልድ ነው። መኪናው ቆሞም ሌት ተቀን የሚያንጠባጥብ ከሆነ ያኔ ታንኩን እንጠርጥር። ውጭውን ጠርጎና አድርቆ የጠመኔ ዱቄት መነስነስ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቤንዚኑ የሚወጣበት ቦታ ቀድሞ ይረጥብና ይጠቁራል። ይህ ግን ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲጋራም የስልክ ቻርጀርም በሌለበት ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ ግቢው ጥግ ያለ የከሰል ምድጃ ድረስም ይደርሳል።

አሁን ወደ ብየዳው እንምጣ። የቪዲዮዎቹ ትልቁ ስሕተት «ባዶ» የምትለው ቃል ውስጥ ነው። የሚቃጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው፤ ተኑም የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር በተወሰነ መጠን ሲደባለቅ ብቻ ነው። ለቤንዚን ይህ መጠን ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ገደማ ነው። ቤንዚን በያዘ ዝግ ታንክ ውስጥ፣ በተለመደው የአየር ሙቀት፣ ተኑ ከዚህ በጣም ስለሚበልጥ ለመቃጠል የሚበቃ ኦክስጅን የለም። ታንኩን ስትገለብጡት ምን ይሆናል? ቤንዚኑ ይወጣል፣ አየር ይገባል፣ ድብልቁም ቀስ እያለ ወደዚያ አደገኛ መጠን ይወርዳል። «ባዶ አደረግሁት» ያለው ሰው ታንኩን ለፍንዳታ አዘጋጀው ማለት ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 50 ሊትር የሚይዝ ታንክ አለን እንበል። 1.4 በመቶው 0.7 ሊትር ተን ነው። ይህን ያህል ተን የሚሰጠው ፈሳሽ ቤንዚን 3 ወይም 4 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም! ዝገት ውስጥ፣ መጋጠሚያ ሥር፣ ፓምፑ በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ይደበቃል። ውሃና ቤንዚን ስለማይዋሐዱ አንድ ጊዜ መለቅለቅ አያጠራውም። አፍንጫም ዋስትና አይሆንም፤ ሽታውን ስንለምደው አይሰማንም። «የኔ እኮ ናፍጣ ነው» የሚልም አለ። እርግጥ ናፍጣ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልሞቀ በቂ ተን አይሰጥም፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ሳይቀር ይሰጣል። ነገር ግን የብየዳ ሙቀት የነካው ብረት የሚያቆመው 50 ላይ አይደለም።

ታንኩን እስከ ቀዳዳው አጠገብ ድረስ ውሃ ሞልተው የሚበይዱ ሰዎች አሉ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ ለተኑ የሚቀረውን ቦታ ያጠባል። ሆኖም የምትቀረው ትንሽ ክፍተት የምትገኘው እሳቱ በሚያርፍበት ቦታ ነው። በደንብ የሚሠራ ቦታ ታንኩን አጥቦ፣ አየሩን በማይቃጠል ጋዝ ተክቶ፣ የተኑን መጠን በመሣሪያ ለክቶ ነው የሚነካው። «ያዝልኝ» ተብሎ አጠገቡ የሚቆመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙያ ሊማር የመጣ ልጅ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ያሉት መኪኖች ከነታንካቸው እያረጁ ይሄዳሉ። ጥገናውም አይቀሬ ነው።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ከወቀሳው አናመልጥም። «ወደ ባለሙያ ውሰዱት» ብለን እናልፋለን፤ ባለሙያው ራሱ ቪዲዮውን አይቶ የሚበይድ ከሆነስ? ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ማስጠንቀቂያውን ለምን ይቀበላል?

ለትንሽ የብረት ቀዳዳ ያለ እሳት የሚሠራው ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁት ኤፖክሲ ነው፤ ነዳጅ የሚቋቋም መሆኑ ማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት። ነዳጁ ከቀዳዳው በታች መውረድ፣ ዝገቱም በብርጭቆ ወረቀት በእጅ መነሣት አለበት (ብልጭታ የሚረጭ መፍጫ አይነካውም)። የረጠበ ብረት ላይ ማጣበቂያው የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን የቤንዚኑን ሽፋን ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ግን ታንካቸው ፖሊኤትሊን ነው፤ የጀሪካን ዘመድ። ይህ ፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚይዝበት ነገር ስለሌለው፣ የደረቀው ኤፖክሲ ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሣል። በካውያ ማቅለጥም የብየዳው ታሪክ ነው፤ የካውያው ጫፍ ብዙ ጊዜ ከ300 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ታንኩን በጣታችሁ አንኳኩት። የብረት ድምፅ ካልሰጠ፣ የምትጠይቁት የማጣበቂያ ሳይሆን የታንክ ዋጋ ነው።