ውዳሴ አባ መላ

ክብር ለሚገባው ክብር ይሰጥ ዘንድ፣ ምስጋናም ባለቤቱን ያገኝ ዘንድ፣ ብዕራችን ዛሬ ዘውድ ያልደፋውን፣ ባለዘውዶችን ግን ያጸናውን ሰው ታነሣለች። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ሆይ! የጨቦ ፍሬ፣ የምኒልክ ቤት ዐምድ፣ በፈረስ ስምህ አባ መላ የተባልህ! በአዲስ አበባ በስምህ የሚጠራውን ድልድይ ዕለት ዕለት ስንቱ ይሻገረዋል፤ ማን እንደ ነበርህ የሚነግረው ግን ጥቂት ነውና እነሆ እንናገር።

ጦር በዘመተበት ምድር ተወልደህ፣ ገና በለጋነትህ ተማርከህ ወደ ምኒልክ ግቢ ገባህ። ለብዙዎች ምርኮ የመከራ መጀመሪያ፣ የስም መጥፊያ ነበር። አንተ ግን አጥንት በሚቈጠርበት፣ የትውልድ ሐረግ እንደ ወርቅ በሚመዘንበት በዚያ አደባባይ፣ የምትጠቅሰው የነገሥታት ዘር ሳይኖርህ፣ በፍርድህ ቅንነትና በምክርህ ጥልቀት ቆምህ። አስተዋዩ ንጉሠ ነገሥትም አየህ፤ አይቶም አልተሳሳተም።

በዓድዋ የጀግኖች አውራ ፊታውራሪ ገበየሁ በወደቀ ጊዜ ቦታው ባንተ ተተካ። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን ተቀበልህ፤ እስከ ዕለተ ሞትህም አልተለየህም። ራሶች ምክርህን ሲጠብቁ፣ ነገሥታት ያላንተ ነገር ሳይቈርጡ፣ አንተ ፊታውራሪ እንደ ተባልህ ኖርህ። ማዕረግ ያንተን ልክ አላገኘውም፤ አንተም አላሳደድኸውም።

ንጉሠ ነገሥቱ በደዌ አልጋ ሲውሉ፣ ኋላም በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ግቢው በሹክሹክታ ተሞላ፤ ወገን ከወገን ተቧደነ። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል የምኒልክ ወራሽ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድ፣ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንንም አልጋ ወራሽ ሲባሉ፣ ውሳኔው ጦርነት ይዞ እንደሚመጣ አንተ ታውቅ ነበር። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ስለ ልጁ ስለ ኢያሱ ተነሣ። ራስ ልዑል ሰገድ በቶራ መስክ ከሠራዊቱ ጋር ወደቀ፤ የሸዋም ልብ ራደ። ያን ጊዜ አንተ ለንጉሥ ሚካኤል ደብዳቤ እየላክህ፣ በተስፋ ቃል እያዘገየህ፣ ጦሩ እስኪሰበሰብ ጊዜ እንደ ገዛህ ይነገራል። አንዲት ቀን ከሺህ ጠመንጃ በምትበልጥበት ሰዓት ቀን የሚገዛ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው!

በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ ቀኑን ሙሉ ተተኰሰ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረከ። በዚያ ሜዳ የፈሰሰው የወሎም የሸዋም ደም የአንድ አገር ደም ነበርና ስለ ድሉ ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ውዳሴያችን ከፍ የሚለው ስለ ማግስቱ ነው። ድል ያደረገ ጦር በእጅህ ነበር፤ በዚህች አገር ታሪክ ከዚያ ባነሰ ኃይል ዙፋን የወጡ አሉ። አንተ ግን ያነገሥሃትን ንግሥት እጅ ነሥተህ ወደ ሥራህ ተመለስህ። በንግሥቲቱና በአልጋ ወራሹ መካከልም ዐሥር ዓመት ቆመህ፣ አንዱ ወገን ሌላውን እንዳይውጥ ሚዛኑን ጠበቅህ።

ለውጥ ናፋቂዎች ወቅሰውሃል፤ አዲሱን ሥርዐት አጥብቀህ ትጠራጠር ነበርና ወቀሳቸው ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን የባዕድን ውል ፍጻሜ በዓድዋ ያየ ዓይን ለእያንዳንዱ አዲስ ፊርማ ሁለት ጊዜ ቢያስብ፣ እኛ ጥንቃቄውን ከፍርሃት አንቈጥርበትም።

በ1919 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ባረፉ ሰሞን፣ በታኅሣሥ ወር፣ አንተም ተከተልህ። ያሠለጠንኸው ጦር ወደ ተፈሪ መኰንን እጅ ገባ። በ1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ፤ በ1922 ንግሥቲቱ አረፉ፤ በ1923 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። አባ መላ ሆይ፣ አንተ በሕይወት ሳለህ ከእነዚህ አንዱም አልሆነም።